«ወላጅ አምጣ!» እስከ መቼ?

በ2006 ዓ.ም. ነው። ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተጣብቤ ተቀምጫለሁ። ቀበና ድልድዩ አካባቢ ስንደርስ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመንና የቅጣት ወረቀት ጽፎ ሰጠ። ሾፌሩ እየተነጫነጨ ወረቀቱን ወደ ኋላ ለረዳቱ አቀበለውና «ምን ብሎ ነው የጻፈብን? እስቲ እየው!» አለው። ረዳቱ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ» አለኝ።

«ቲቸር» ሲለኝ ነው ቀና ብዬ ፊቱን ያየሁት። አወቅሁት። በ1998 ዓ.ም. 7ኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። «አስተምሬዋለሁ» ከምል «አባርሬዋለሁ» ብል ይሻላል፤ እውነቱ እሱ ነውና። ልጁ ረባሽ ነበር፤ ያውም የለየለት። ያፏጫል፤ ዴስክ ይገፋል፤ የሰው ደብተር በመስኮት ይወረውራል፤ እኔ ስናገር ከኋላ ሆኖ ድምፄን እያስመሰለ ክፍሉን ያስቃል። ገረፍኩት። አንበረከክሁት። «ወላጅ አምጣ» አልኩት። በመጨረሻ የዲሲፕሊን ኮሚቴው የስንብት ወረቀቱን ሲያዘጋጅ ከፈረሙት መምህራን አንዱ እኔ ነበርኩ። ፈርሜም ሻዬን ጠጣሁ።

እንግዲህ ይኸው ልጅ ነው ከስምንት ዓመት በኋላ በአማርኛ የተጻፈች አንዲት ወረቀት ማንበብ አቅቶት ለእኔ፣ ለአማርኛ አስተማሪው፣ ያቀበለኝ! አነበብኩለት። ስወርድ ሒሳብ ልከፍል ብል «ኧረ ቲቸር ይተዉ፣ ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት» ብሎ እምቢ አለኝ። እስቲ ፍረዱኝ ወገኖቼ! ምን አስተማርኩት?

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይመላለስብኛል። ያ ልጅ ይረብሽ የነበረው መቼ መቼ ነበር? ቀስ እያለ ትዝ አለኝ። «ተራ በተራ እየተነሣችሁ አንብቡ» እላለሁ። ንባቡ ከፊት ወንበር ተነሥቶ ወደ ኋላ ይመጣል። ለእሱ ሁለት ሦስት ሰው ሲቀር ፉጨቱ ይጀምራል። እኔም «ውጣ!» እላለሁ። ይወጣል። ተራውም ያልፈዋል። ለካ ቀጣሁት እያልኩ የፈለገውን እየሰጠሁት ኖሯል!

ታዲያ ይኼን ያኔ ብቻዬን እንዴት ልወቀው? የእንግሊዝኛው መምህርም፣ የኅብረተሰብ ሳይንሱም መምህር በየክፍለ ጊዜያቸው ያስወጡት ነበር። የሒሳቡ መምህር ግን «እኔ ጋ እኮ ጨዋ ነው» ይል ነበር። እኛም የሒሳቡን መምህር «ይኼ ደካማ፣ ተማሪ ፈርቶ ነው» እያልን እናማው ነበር። አራታችን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ቁጭ ብለን ብንነጋገር ነገሩ ግልጽ ነበር። ማንበብ ባለበት ይረብሻል፤ ማንበብ በሌለበት አይረብሽም። አለቀ። አልተነጋገርንም።

«ሳያነብ እንዴት 7ኛ ክፍል ደረሰ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ደረሰ እንጂ! በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሳይወድቅ በቀጥታ ይዛወር ነበር። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ እግር በእግር እየተከታተለ ይደግፋል ነው የተባለው። በወረቀት ላይ ለአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው የተባለው፤ እኔ 68 ይዤ አስተምሬያለሁ፤ ከዚያም በላይ የያዙ አሉ። ማንን ተከታትሎ ማንን ይተዋል? በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። እነዚህ ልጆች የትም አልሄዱም። በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ያን ጊዜ 7ኛ ክፍል ሲገባ የሳይንሱም የሒሳቡም መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ይዞር ነበር። በአማርኛ ያላነበበ ልጅ በእንግሊዝኛ ምን ያድርግ? ያፏጫ!

እዚህ ላይ ስለ ዱላ ትንሽ ልናገር፤ ምክንያቱም ሻይ ቤት ስንቀመጥ «ልጅ የተበላሸው ዱላ የቀረ ጊዜ ነው» የማይል ጓደኛ የለኝም። እኔም ጻድቅ ነኝ ለማለት አይደለም። ማስተማር ስጀምር ወላጅ ልጁን አምጥቶ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ይለኝ ነበር። እኔም ዓይኑን ብቻ እየተውኩለት ሌላውን እገርፍ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ብሎ ደንግጓል። እኔ ይኼን ያነበብኩት ዱላዬን ከያዝኩ ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው፤ ያነበበልኝም የለም። (ዱላው ዛሬም ከጠረጴዛ መሳቢያው ያልወጣባቸው ት/ቤቶች አሉ፤ እንተዋወቃለን!) ሕጉ ትክክል ነው። ነገር ግን ዱላውን አስቀምጡ ያሉን ሰዎች በእጃችን ምን አስጨበጡን? ሁለት ነገር ብቻ ቀረልን። አንዱ «ውጣ!» ነው። ሌላው «ወላጅ አምጣ!» ነው።

«ውጣ!» ምን እንደሚሠራ ከላይ አይታችኋል። «ወላጅ አምጣ!» ደግሞ ከዚያ ይብሳል። መጀመሪያ ነገር የሚመጣው ወላጅ ላይሆን ይችላል። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ «አጎቱ ነኝ» ብሎ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ምክር ሰምቶ ሄደ። በሳምንቱ ለሌላ ልጅ አጎት ሆኖ መጣ። ሦስተኛው ልጅ ላይ ነው የነቃነው። ለካ ሰውየው በራችን አጠገብ ጫማ የሚያሳምር ነው፤ ልጆቹ ሳንቲም አዋጥተው እየቀጠሩት ኖሯል። እንዲያው በሞቴ፣ ከእኛ ይልቅ ተባብረው የሠሩት ተማሪዎቹ አይደሉም?

እውነተኛዋ እናት ስትመጣ ደግሞ የቀን ሥራዋን ትታ ነው የምትመጣው። የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ትቆማለች። ወንበር የሚሰጣት የለም። አምስት መምህር በየተራ ልጇን ይከስባታል። አንድም ሰው «ልጅሽ ቤት ውስጥ እንዴት ነው?» አይላትም። አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠይቃ ትሄድና ማታ እኛ በሕግ የተከለከልነውን ዱላ ቤቷ ታነሣዋለች። ይኼ ነው እንግዲህ «የትምህርት ቤትና የኅብረተሰቡ ትስስር» የሚባለው! የወላጅና መምህራን ኅብረቱም ቢሆን እኔ እስከማውቀው የሚሰበሰበው አጥር ሲፈርስና መዋጮ ሲፈለግ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከታክሲው በኋላ በ2007 ዓ.ም. ሌላ ልጅ ገጠመኝ። 7ኛ ክፍል ነው፤ ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ አመሉ የዚያኛው ግልባጭ። በኅዳር ወር ብቻ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሦስት ጊዜ ደርሶታል። አራተኛው ስንብት ነው። ወረቀቱ ለፊርማ ወደ እኔ ሲመጣ እጄ እምቢ አለ። «አንድ ሁለት ሳምንት ስጡኝ» አልኩ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጸሐፊ «መምህር ደግሞ ዘንድሮ ምን ነካዎት?» አለ።

ከዚያ የሚያስተምሩትን ሦስት መምህራን ለመንኩ። ስብሰባ አልጠራሁም። ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ የግራር ዛፍ አለ፤ ሥሩ አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። እረፍት ላይ እዚያ ተገናኘንና አንድ ነገር ብቻ ተስማማን። ለአንድ ሳምንት እያንዳንዳችን ልጁ በረበሸ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ላይ ከመረበሹ በፊት ክፍሉ ውስጥ ምን እየተደረገ እንደነበር እንጽፋለን። ምን እንዳጠፋ አይደለም፤ ያን እንደ ዳዊት በቃላችን ደግመነዋል። ከጥፋቱ በፊት ምን ነበር?

አርብ ዕለት ወረቀቶቻችንን ወንበሩ ላይ ዘረጋናቸው። ስምንት ረብሻ ተጽፏል። ከስምንቱ ሰባቱ ድምፅ አውጥቶ ከማንበብ ወይም ሰሌዳ ላይ ያለውን ገልብጦ ደብተር ከማሳየት በፊት ነው። ስምንተኛው የሚያበሽቅ ጓደኛው ስለሰደበው ነው፤ ያ የማንኛውም ልጅ ነው። ሒሳብ ላይ ባዶ። የሒሳቡ መምህር ወረቀቱን ነጭ እንደሆነ ሲዘረጋው ሁላችንም ዝም አልን። ያ ነጭ ወረቀት ከሁሉም በላይ ነገረን።

ሌላም ሰው ነበረበት። የግቢው ዘበኛ ከጎናችን ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ «መምህር፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ነው እንጂ» አለና ጀመረ። «ይኼ ልጅ እኮ ስታስወጡት ኳስ ሜዳ አይሄድም። ዞሮ በመስኮቱ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ነው የሚቆመው። የምታስተምሩትን ያዳምጣል።» ወገኖቼ፣ እኛ አራት ዲግሪና ዲፕሎማ ያለን ሰዎች ያላየነውን ዘበኛው በየቀኑ ያይ ነበር። የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። በዚህ አጋጣሚ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣም የሚያውቀው እሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ት/ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ሲጀመር አንዳንድ «አመለኛ» የምንላቸው ልጆች በአንድ ወር ውስጥ ሰው ሆኑልን፤ ለካ አመሉ ረሃብ ነበር። ያ ግን ኋላ ነው።

አያቱን «ይምጡ» ብለን አልጠራናቸውም። ጉሊት ነው የሚሸጡት፤ ሽንኩርትና ቃሪያ። እኔና የእንግሊዝኛዋ መምህርት ከሥራ በኋላ ጉሊታቸው ድረስ ሄድን። ገና ሲያዩን «ልጄ፣ ምን አደረገ ደግሞ?» ብለው ለመነሣት ሲሞክሩ «ምንም አላደረገም እማማ፣ ልንጠይቅዎ ነው» አልናቸው። የልጅ ልጃቸው ማታ ማታ መጽሐፍ እንደሚያነብላቸው ነገሩን። «ጮክ ብሎ ነው የሚያነብልኝ፤ ጥሩ አድርጎ!» መምህርቷና እኔ ተያየን። ቀስ ብለን ስንጠይቅ የሚያነብላቸው ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ታሪክ ነው። በቃሉ ያጠናውን መጽሐፍ ዘርግቶ ይደግምላቸዋል። አሮጊቷ ሲገባቸው ሽንኩርቱን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። ምኑን አውቄ» አሉ። ልጁን እንዳይመቱብን ለመንናቸው። አልመቱትም።

የመጨረሻው ሰው ልጁ ራሱ ነው። ይኼ እንግዲህ ዋናው ነው። እኛ ስለ ልጁ ስንወስን እንጂ ከልጁ ጋር ስንወስን ታይተን አናውቅም። ለብቻው ጠርቼ «ማንበብ ያስቸግርሃል አይደል?» አልኩት። መሬት መሬቱን እያየ ቆየና «ቲቸር፣ ከሚስቁብኝ ብባረር ይሻለኛል» አለ። የ13 ዓመት ልጅ ነው። ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል! ከዚያ «ምን ብናደርግ ይሻላል ትላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። እውነቱን ለመናገር መልስ ይሰጠኛል ብዬ አልጠበቅሁም። እሱ ግን አሰበበት ኖሯል። ተራው ሲደርስና ሲጨንቀው ዴስኩን በጣቱ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ እኛም ሳንናገር እናልፈዋለን። በፈንታው እኛ የጠየቅነው ማታ ማታ ለሃያ ደቂቃ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ነው። ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ሴት ልታስጠናው ተስማማች። የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ መያዝ ያሳፍረዋል። ስለዚህ የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ልባስ አለበሰችለት።

ይኼን እኛ የፈለሰፍነው አይደለም። ሮስ ግሪን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ልጅ የሚያስቸግረው ፈቃድ አንሶት ሳይሆን ችሎታ አንሶት እንደሆነ፣ መፍትሔውም ከልጁ ጋር አብሮ መፈለግ እንደሆነ በሰፊው አስረድቷል። አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ አለንጋ እንደነበራቸው ሁላችንም እናወራለን። ሌላውን ግን እንረሳዋለን። የኔታ ብቻቸውን አያስተምሩም ነበር። ፊደል የለየው ያልለየውን ያስቀጥላል፤ ዳዊት የደረሰው ፊደል ቆጣሪውን ይይዛል። እኛ ከዚያ ቤት አለንጋውን ወርሰን ማስቀጠሉን ጥለን መጣን።

አሁን ደግሞ የምትናደዱበትን ልንገራችሁ። ያ ዘመን የ1 ለ 5 ዘመን ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በዕድገትና ትራንስፎርሜሽኑ ዕቅድ ስም «የትምህርት ልማት ሠራዊት» እየተባለ መምህሩም ተማሪውም በአምስት በአምስት ተቧድኗል። በወረቀት ላይ ከእኛ ት/ቤት በላይ የሚተባበር አልነበረም። ስብሰባው በ«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይከፈታል፤ በግምገማ ይዘጋል። ያ ማንበብ የማይችል ልጅም የ1 ለ 5 አባል ነበር! የቡድኑ መሪ ጎበዝ ልጅ የአምስቱንም የቡድን ሥራ ይሠራል፤ አምስቱም እኩል ማርክ ያገኛሉ፤ መምህሩም «ቡድኑ ብቁ ነው» ብሎ ይሞላል። አደረጃጀቱ ልጁን አልረዳውም፤ ደበቀው። የመምህሩ 1 ለ 5 ደግሞ ማን ምን አለ የሚባልበት ነው። «ይኼ ልጅ ከብዶኛል፣ አልቻልኩትም» ብሎ እዚያ የሚናገር መምህር ማን ነው? በማግስቱ «የአመለካከት ችግር» ይባልበታል። እንኳን ለጓደኛ ድካምን መንገር «እህ» ማለትም ያስፈራ ነበር።

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያም አለን፤ በዓመት 60 ሰዓት ነው የተባለው። ማኅደር እናዘጋጃለን፤ ቅጽ እንሞላለን፤ ፋይሉን ቀለም ባለው ወረቀት እናሳምራለን። በእነዚያ 60 ሰዓታት ውስጥ ስለ አንድ ልጅ፣ በስሙ ተጠርቶ፣ አንድ ሰዓት ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

እንግዲህ የግራሩ ሥር ስብሰባችን ወሬው ወደ ላይ ደረሰ። አለቃችን ጠሩን። ተደስተዋል! «ይኼማ ምርጥ ተሞክሮ ነው፤ ይቀመር፤ ቃለ ጉባኤው ይምጣ» አሉ። ቃለ ጉባኤ የለንም፤ ቁራጭ ወረቀት ነው ያለን። «እንግዲያውስ ከዛሬ ጀምሮ በቅጹ መሠረት ያዙ፤ በየሳምንቱ ሪፖርት፤ ከሠራዊቱ ዕቅድ ጋር ይጣመር» ተባልን። በቀጣዩ ሳምንት ቅጹን ይዘን ግራሩ ሥር ተቀመጥን። የሒሳቡ መምህር ሰዓቱን እያየ «ተሰብሳቢ አራት፣ የተጓደለ የለም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የሚናገር ጠፋ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው የእንግሊዝኛዋ መምህርት ቅጹን ለብቻዋ ቤቷ እየሞላች ልታመጣ ተስማማችና እኛ ወደ ወሬያችን ተመለስን። ሐሰተኛ ሪፖርት ልካችኋል የሚለን ካለ፣ አዎ ልከናል። ሥራው እንዳይሞት ነው።

ተአምር ሠራን ብዬ አልዋሻችሁም። ልጁ በጥር ወር አንድ መስኮት ሰብሯል፤ ለምን እንደሰበረ እስካሁን አልነገረንም። የእንግሊዝኛዋ መምህርት በመንፈቀ ዓመቱ ተዛወረች። በምትኳ የመጣው መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን አስነሥቶ «አንብብ» አለው፤ ልጁም ዴስኩን ሁለት ጊዜ መታ፤ መምህሩ ምኑን ያውቀዋል፣ «ትደበድብብኛለህ?» ብሎ አስወጣው። አልነገርነውም ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። ደግሞ እንደገና ጀመርን። ሰኔ ሲመጣ ልጁ በቀስታ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ፣ አንድ ገጽ አነበበልኝ። 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪን በመጀመሪያው ወደቀ፤ በሁለተኛው አለፈ። የስንብት ወረቀቱ ግን አልተፈረመም።

አሁን «መምህሩ ይኼን ሁሉ የሚያደርገው በየትኛው ደሞዝ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከሥራ ሲወጣ ወደ ሌላ ት/ቤት ወይም ወደ ግል ማስጠናት የሚሮጥ መምህር ግራር ሥር ተቀመጥ ቢሉት ይስቃል። እኔም ያን ዓመት የማስጠናትባቸውን ሁለት ቤቶች ትቼ ነው የተቀመጥኩት፤ ባለቤቴ ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም። ስለዚህ በመምህሩ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነገር አይዘልቅም። ሰዓቱ በሥራ ሰዓት ውስጥ መገኘት አለበት። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። አንድ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን በሳምንት አንዷን ክፍለ ጊዜ አብረው ክፍት ቢደረግላቸው፣ በ40 ሳምንት 27 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ከ60ው ሰዓት ግማሹን እንኳ አይነካም! ቅጽ አያስፈልገውም። በጀት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የክፍለ ጊዜ ድልድሉን የሚሠራው ሰው እርሳስና ላጲስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከላይ ያሉት እንዲተዉን ነው። ይኼ ሁለተኛው ሳይከብድ አይቀርም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገሩ ሁሉ ጮኸ። ወላጅ መምህሩን ወቀሰ። መምህሩ ወላጁንና ስልኩን ወቀሰ። ባለሥልጣኑ ያለፈውን ሥርዓት ወቀሰ። ሁሉም ለየብቻው ትክክል ሳይሆን አይቀርም። በአንድ አግዳሚ ላይ አብረው ተቀምጠው ግን አላየኋቸውም። 12ኛ ክፍል የወደቀው ልጅ የወደቀው 12ኛ ክፍል አይደለም። እኔ 7ኛ ክፍል ላይ አይቼዋለሁ፤ ያፏጭ ነበር።

ያን የታክሲ ረዳት ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። መገናኛ በሄድኩ ቁጥር የረዳቶቹን ፊት አያለሁ። አንድ ጊዜ ቸግሮኝ በ1998 ዓ.ም. ወደፈረምኩበት ት/ቤት ሄድኩና የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ለምኜ ፋይሉን አስወጣሁ። ወረቀቱ አለ፤ ብል አልበላውም። አምስት ፊርማ አለበት፤ ሁለተኛው የእኔ ነው። «የስንብት ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት ሦስት መስመር ባዶ ቦታ ተትቷል። የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ረባሽ»።